ጡጦው የአያት ነው

ግራንድ ባንክ፣ ኒውፋውንድላንድ
ማርች 12 ቀን 2019

የኔ ልጅ፣ የኔ ጂሊያን፣

እንደምን አለሽ ብዬ መጀመር አልችልም፤ ደህና እንዳልሆንሽ አንቺው ነግረሽኛል። ስለዚህ ከእኛ ልጀምር። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎታል። ትናንት ደጃፉን ከበረዶ ጠርጎ ቀና ሲል የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጣና የመንገዱን በረዶ ሁሉ መልሶ ደጃፉ ላይ ገፋበት። የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ትንሹ ሲቨርት አድጎ ይህን ደብዳቤ ቢያነበው አያቱን ክላረንስን በጨዋነቱ ይወቀው።

የትኩሳቱን ነገር ሐኪም ቤት ሄደሽ መድኃኒት መጀመርሽን ስለጻፍሽልኝ ትንፋሼ ተመለሰ። መድኃኒቱን ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ። ይህ ደብዳቤ ለቀረው ጉዳይ ነው፤ "እማዬ፣ ማጥባቱን ላቁም ወይስ ልቀጥል?" ላልሽኝ።

ለምን አልደወልሽም ትዪኝ ይሆናል። ስልክ መደወል እንጀራዬ ነው፤ አልፈራውም። ግን አንቺ ጋ በደወልኩ ቁጥር ከጀርባሽ የአማትሽ ድምፅ አለ። "ቬርና ናት እንዴ? ሰላም በያት!" ትላለች። እኔም "ሰላም በያት" እላለሁ። ከዚያ በኋላ የምናወራው ሁሉ ለሦስት ይካፈላል። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለኛል አልኩ። በፈጣኑ ፖስታ ነው የምልከው፤ ዋጋውን አባትሽ አይስማ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። በአማትሽ እቀናለሁ። ትልቅ ሰው እንደሚቀናው በመጠኑ፣ በጨዋ ደንብ አይደለም፤ አንጀቴ እስኪያር ነው የምቀናው። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ይባል የለ? ለአማትሽ ለቱሪድ እግዚአብሔር ምቀኛ አላሳጣትም፤ እኔ አለሁላት።

ሥራዬን በስሙ ታውቂዋለሽ እንጂ ስሠራው አይተሽኝ አታውቂም። ጠዋት ገብቼ፣ ለጤና ቢሮው ቆጠራ፣ በዚህ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ለወለዱ ሴቶች እደውላለሁ። ልጁ ወር ሲሞላው እንደውላለን፤ ግማሽ ዓመት ሲሆነው ደግሞ እንመለሳለን። "ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ልጅሽ የጡት ወተት አግኝቷል? አንድ ጊዜም ቢሆን? ሌላስ ምን ወሰደ?" ከዚያ "አመሰግናለሁ" ነው። መምከር ክልክል፣ ማዘን ክልክል፣ "ጎሽ" ማለትም ክልክል። አለቃችን ግሌኒስ ገና ስቀጠር የነገረችኝ ይህንኑ ነው። "አዎ ላለችሽም አይ ላለችሽም 'አመሰግናለሁ' የምትዪበት ድምፅ አንድ ይሁን። ደስ ካለሽ ያውቁብሻል፤ ካወቁብሽ ደግሞ የሚቀጥለው መልስ ውሸት ነው" አለችኝ። እኔም ተማርኩ። አሁን ሴትየዋ ልጄን የማጠጣው ቡና ነው ብትለኝ እንኳ ድምፄ ንቅንቅ አይልም።

ግሌኒስ ሻይ ከምናፈላበት ጠረጴዛ በላይ አንድ ትልቅ ግራፍ ለጥፋለች። ሀብታም አገሮች ልጆቻቸውን ምን ያህል እንደሚያጠቡ ነው የሚያሳየው። አንዳንዶቹ ቦታቸው ባዶ ነው፤ ከነጭራሹ አይቆጥሩም፣ ወይም ጥያቄያቸው ከሌላው ጋር አይገጥምም። ግሌኒስ በነሱ ትበግናለች፤ "ለላሞቻቸው ወተት ቁጥር አላቸው፣ ለእናቶቻቸው ግን የላቸውም!" ትላለች። ኖርዌይ ግን ቦታዋ ባዶ አይደለም። ዓምዷ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። የኛን ግዛት ግሌኒስ ራሷ በእስክሪብቶ ታች፣ ሶኬቱ አጠገብ ጨምራታለች። ሻይ ልቀዳ በሄድኩ ቁጥር ኖርዌይ ከላይ ታየኛለች። ኖርዌይ ደግሞ ለኔ አማትሽ ናት።

ባለፈው ሳምንት ፎርቹን ከተማ ያለች አንዲት ልጅ ጋ ደወልኩ። ስሟን አልነግርሽም፤ ሕጉ አይፈቅድም።

"ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ልጅሽ የጡት ወተት አግኝቷል?" አልኳት።

"አንቺ ቬርና አይደለሽም እንዴ? የክላረንስ ቬርና?"

"እዚህ ቬርና የለችም፤ ያለችው ጠያቂ ናት።"

"ሂጂ ወዲያ! ድምፅሽ ይጠፋኛል? ልጁን አያቱ ናን ወስዳዋለች፤ ጡጦውን ይዛ ሶፋዬ ላይ ተንሰራፍታለች። ግን አንቺ አዎ ብለሽ ጻፊው።"

"ለምን ብዬ?"

"ታዲያ እስከመቼ ጭራ እንሁን? እነማን ናቸው ደግሞ ሁሌ ከላይ የሚወጡት?"

"ኖርዌይ ናት።"

"በይ ተያት! አዎ ብለሽ ጻፊና ደልዢልኝ!"

እኔ የጻፍኩት አይ ብዬ ነው። "አመሰግናለሁ" ስል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ከዳኝ፤ በሳቅ።

ሳቁ ያለቀው ስልኩን ስዘጋ ነው። ልጁን ናን ወስዳዋለች። ጂሊያን፣ ይህን ቃል ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ተብከነከንኩ። ግሌኒስ የቁጥራችን ጠላት ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ የዱቄት ወተት ፋብሪካ አይደለም፣ አያት ናት። በኛ አገር ጡጦው የአያት ነው። አንቺን ስወልድ እናቴ ገና ከበር ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ "ስጪኝ እስቲ ይቺን" ብላ ከእጄ ነጥቃ ወሰደችሽ። የጣሳ ወተቱን ራሷ በጠበጠች፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፣ አጠጣችሽ። አንቺ ዓይን ዓይኗን እያየሽ ትጠቢያለሽ። እሷ ደግሞ ለኔ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ሁሉ ላንቺ ታወራልሻለች፤ ስለ አባቴ መርከብ፣ ስለሞተችው እህቷ፣ ስለምንም ስለምኑም። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ አየሁ። ያኔም ቀናሁ። ግን ለራሴ "ግድ የለም፣ ተራዬ ይደርሳል" አልኩ። ጡጦ ያሳደገሽ ልጅ ይኸው ድልድይ የምትሠራ መሐንዲስ ሆነሻል፤ በዚያ በኩል የሚቆጨኝ የለም።

ተራዬን ጠበቅኩ፣ አንቺም እዚያ ኖርዌይ፣ ሞልደ ላይ ወለድሽ።

ኖቬምበር ላይ ስመጣ ምን ተስፋ አድርጌ እንደነበር ታውቂያለሽ? አንድ ነገር ብቻ። ያንን ልጅ ክንዴ ላይ አድርጌ ማብላት። አማትሽ ግን ሁሉን ቀድማ ጨርሳዋለች። አንቺ ልታጠቢ ስትቀመጪ ትራሱ በግራ በኩል፣ ውኃው በቀኝ በኩል፣ እግርሽ ስር በርጩማ። ሾርባው በጊዜው ይመጣል። የልጁን አገጭ በአንድ ጣት ትነካውና አፉን ይከፍታል፤ እኔ ያንን የት ልማረው? "ተቀመጪ ቬርና፣ ዕረፊ" ትለኛለች። "ተቀምጫለሁ" እላታለሁ። እንደገና "ምንም እንዳትነኪ" ትለኛለች። ምን ልንካ? የሚነካውን ሁሉ እሷ ነክታዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን ያህል ሳህን አጥቤ አላውቅም፤ ንጹሑንም ጭምር አጥቤዋለሁ።

አንድ ቀን አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ ሲቨርት አለቀሰ። አንስቼ እያወዛወዝኩ፣ እናቴ ላንቺ ታዜምልሽ የነበረውን እያዜምኩለት ዝም አለ። ዝም አለ ጂሊያን፣ በኔ እጅ! ከዚያ ፊቱን ሹራቤ ውስጥ ቀብሮ በአፉ መፈለግ ጀመረ። አማትሽ ከወጥ ቤት መጣች። "ርቦታል፤ እናቱን ነው የሚፈልገው" አለችና ከክንዴ ላይ ወሰደችው። በትሕትና ነው የወሰደችው፣ ፈገግ ብላ። በትሕትና መሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ሰው ሲያመናጭቅሽ መልስ ይኖርሻል። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

በነሱ ቋንቋ የአባት እናት ፋርሞር ናት፣ የእናት እናት ሞርሞር ናት ስትዪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አታውቂም። ቢያንስ ስሜን አትቀማኝም ብዬ ነው። እዪ፣ እስከዚህ ወርጃለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው መልእክትሽ የመጣው። ጡትሽ መሰንጠቁን፣ ልጁ ሲነቃ አንቺ እንደምታለቅሺ፣ በእናቶች ስብሰባ ላይ ሁሉም ክብ ሠርተው ሲያጠቡ አንቺ ብቻ ጥርስሽን እንደምትነክሺ፣ ጡጦ ከቦርሳሽ ብታወጪ ምን ይሉኛል ብለሽ እንደምትፈሪ። "ለኤይቪንድም ለቱሪድም አልነገርኩም። ላንቺ ብቻ ነው" ብለሽ ጻፍሽ።

አንብቤው መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ደስታ። የገዛ ልጄ በሥቃይ ላይ ሆና እኔ ደስ አለኝ። "ላንቺ ብቻ" የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ ነው ሐዘኑ የመጣው፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳረፈደ እንግዳ። አባትሽን "ኮምፒውተሩን ክፈት፣ ትኬት ፈልግ" አልኩት። "ምን ሆነች?" አለኝ። "ልጄ ትፈልገኛለች" አልኩት። ለመልስሽም ወረቀት አወጣሁና "አቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ፣ እኔ አጠጣዋለሁ" ብዬ ጀመርኩ። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ነው የወጡት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። አባትሽ አነሳና ጥቂት አዳምጦ "ቬርና፣ የኖርዌይ መንግሥት ይፈልግሻል" አለኝ። አማትሽ ነበረች። ብቻዋን ደውላልኝ አታውቅም።

"ቬርና፣ ጂሊያን ታለቅሳለች" አለችኝ። "በሩን ዘግታ ነው የምታለቅሰው። እኔ ስገባ ትስቅልኛለች። ላንቺ የነገረችሽ ነገር አለ?"

"ምን ትነግረኛለች?" አልኩ።

"እንግዲያው ነግራሻለች ማለት ነው።"

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ሙያዬ ነው። ቆይታ "ቀናሁብሽ" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"ቀናሁብሽ። እኔ ከቤቷ አምስት ደቂቃ ነው የምኖረው። በየቀኑ ሾርባ ይዤ እሄዳለሁ። እሷ ግን ውቅያኖስ አሻግራ ለእናቷ ትነግራለች።"

ጂሊያን፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ በሕይወቴ እንዲህ የጣፈጠኝ ቃል የለም። "መስመሩ ይቆራረጣል፣ አልሰማሁሽም" አልኳት። ምስኪን፣ ደገመችልኝ።

ከዚያ ግን ማልቀስ ጀመረች። እንደሷ ያለች ቀጥ ያለች ሴት፣ ሹራቧ እንኳ የማይጨማደድ ሴት፣ ስታለቅስ መስማት ከባድ ነው። ባልሽ ኤይቪንድ ሕፃን በነበረ ጊዜ ስለሆነ አንድ ነገር ነገረችኝ። ባሏ ባሕር ላይ ነበር፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየጊዜው እየመጣች "ታጠቢያለሽ?" እያለች ትጠይቃት ነበር። የቀረውን አልነግርሽም፤ ምዬላታለሁ። ለእህቷም፣ ሲመለስም ለባሏ ነግራ አታውቅም። "ታዲያ ለኔ ለምን ነገርሽኝ?" አልኳት። "አንቺ ስትሰሚ ድምፅሽ አይለወጥም" አለችኝ።

አልተለወጠም። "አመሰግናለሁ" አልኳት፤ በዚያችው ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ ግን እስኪመሽ ድረስ አባትሽን አላናገርኩትም። ያን ሁሉ ትራስ፣ ያን ሁሉ ውኃ፣ የበርጩማዋን ነገር አስብ ነበር። ለካ ሰው ያላገኘውንም ነገር ለሌላ እንዲህ አድርጎ ያዘጋጃል።

ሰኞ ሻይ ልቀዳ ሄድኩና ግራፉ ፊት ቆምኩ። ኖርዌይ እዚያው ጣሪያው ስር ናት። ግሌኒስ "ምን ያስቅሻል?" አለችኝ። "ምንም፤ ቁጥሩን የሚናገሩት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው ብዬ ነው" አልኳት። "ሌላ ማን እንዲናገርልሽ ነው?" አለችኝ። ሻዬን ቀዳሁ፤ ሆድ ይፍጀው።

እኔን ታውቂኛለሽ። ጆሮዬ የገባ ነገር አፌ ላይ ሳይደርስ አያድርም። አሁን አንዲት መስመር ብጽፍልሽ፣ አንዲት ብቻ፣ አማትሽ እዚያ ቤት ውስጥ ያላት ቦታ ሌላ ይሆን ነበር። አንቺም "እማዬ ይሻለኛል" ትዪ ነበር። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀድጃለሁ። አባትሽ "ምን እያደረግሽ ነው?" ሲለኝ "ከእጄ ጋር እየታገልኩ ነው" አልኩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ላቁም ወይ አልሽኝ። የኔን ምክር እንዳትሰሚ። የኔ ምክር ጠማማ ነው። አቁሚ ብልሽ ለራሴ ብዬ ነው፤ ጡጦውን ይዤ ሶፋሽ ላይ ለመንሰራፋት። ቀጥዪ ብልሽም ለራሴ ነው፤ ከአማትሽ የበለጥኩ ቅን ሰው ለመምሰል። በየትኛውም በኩል ብትዞሪ እኔን ነው የምታገኚው፤ አንቺን ግን አታገኚም። ስለዚህ እንደ ጠያቂ ልመልስልሽ፤ የማውቀው ሐቀኛ ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ብታቆሚ አመሰግናለሁ። ብትቀጥዪም አመሰግናለሁ። ልጁ ጠግቦ ይተኛ፤ አንቺም ሳታለቅሺ ይንጋልሽ። ስንት ዓመት የደወልኩላቸው እናቶች ልጆች በጡትም በጡጦም አድገው እዚህ ሲሮጡ አይቻለሁ።

ግን ምክር ሳይሆን አንድ ነገር ልዘዝሽ፤ እናትሽ ነኝና። ኤይቪንድ ሥራ ሲሄድ፣ ቱሪድ ሾርባዋን ይዛ ስትመጣ፣ ትራሱን እንድታስተካክል አትጠብቂ። አስቀምጫት። ለኔ የጻፍሽልኝን ሁሉ ንገሪያት፤ ስለ ጡትሽም፣ ስለ ጡጦውም፣ ስለ ፍርሃትሽም። ስትጨርሺ "አንቺስ ቱሪድ፣ ኤይቪንድን እንዴት አሳደግሽው?" በያት። ከዚያ ዝም በይ። ቶሎ አትመልስልሽም። ብርጭቆ ታነሳለች፣ ጠረጴዛ ትጠርጋለች፣ ስለ አየሩ ታወራለች። ያኔም ዝም በይ። በመጨረሻ ትነግርሻለች። ያ ጉዳይ እኔ የማላውቀው፣ እሷ ግን በደሟ የምታውቀው ጉዳይ ነው፤ ላንቺ የሚበጀው መልስ እሷ ጋ ነው ያለው።

ይህን ስጽፍ ውስጤ እየተቃጠለ ነው፤ አልዋሽሽም። ስትወልጂ አልነበርኩም፣ ያን ልጅ አንድ ጉንጭ እንኳ አላጠጣሁትም፣ አሁን ደግሞ ላንቺ ብቻ ያልሽኝን ምስጢር በገዛ እጄ ወደሷ እየላክሁት ነው። አባትሽ "ትኬቱ ለሜይ ተገኝቷል፣ ልግዛው?" እያለ ከጀርባዬ ቆሟል። ግዛው ብዬዋለሁ። እመጣለሁ። ያኔ ልጁ በምን እንደሚበላ አልጠይቅሽም፤ ተራዬ ካለ ትሰጪኛለሽ።

እስከዚያ ግን ስታለቅሺ በሩን አትዝጊ። ቱሪድ ትግባና ትቀፍሽ። ቅርብ ያለችው እሷ ናት።

እግዚአብሔር ቁስልሽን ያድርቅልሽ፤ ለሲቨርት ጥጋብና እንቅልፍ፣ ለኤይቪንድ ማስተዋል፣ ለዚያች ሴትም ሰላም ይስጣት። አባትሽ ግንባርሽን ይስማል።

እናትሽ፣
ቬርና